ሁለተኛው ሽቦ

ታኅሣሥ 5 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ሣጥኖቹ ዛሬ ከምጽዋ ደረሱ። ሦስት ናቸው። ሁለቱ ውስጥ ብሎንና የጣሊያን ጋዜጣ ነው ያለው፤ ሦስተኛው ውስጥ ሰሌዳው ተኝቷል። ሰሌዳ የምለው መዳፍ የምታህል፣ ትራንዚስተሮች የተሰደሩባት ጠፍጣፋ ነገር ናት። ዲረቶሬው፣ ማለት ሥራ አስኪያጃችን ሲኞር ማንፍሬዲ፣ በጣቱ እንኳ ሳይነካት ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረ።

ሥራው ከባድ አይደለም። የጥጥ ማበጠሪያው መኪና ውስጥ ጥርስ የሞላበት ትልቅ ከበሮ አለ። ኮረንቲው ሲቋረጥ ወዲያው አይቆምም፤ ከክብደቱ የተነሣ ስድስት ሰባት ደቂቃ መዞሩን ይቀጥላል። እስካሁን ሴቶቹ የተሰነቀረ ጥጥ ሊያወጡ ክዳኑን የሚከፍቱት አለቃቸው፣ ካፖ የሚሉት፣ ሰዓቱን አይቶ "በሉ" ሲላቸው ነበር። ከእንግዲህ ሰሌዳው ነው የሚላቸው። ከበሮው ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ዲናሞ ትታሰራለች። ከበሮው ሲፈጥን ብዙ ቮልት፣ ሲቆም ዜሮ ትሰጣለች። ሰሌዳው ዜሮ ሲያይ አረንጓዴ መብራት ያበራና የክዳኑን መቆለፊያ ይለቃል። እስከዚያ ድረስ መብራቱ ቀይ ነው፣ ክዳኑም በሜንጦ ካልፈለቀቁት በቀር አይከፈትም።

ከጥቅምት ጀምሮ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሥሬ ያለው ሰው፣ አቶ ኣስመሮም፣ እኔ ዳንግላ ሳልወለድ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሽቦ ይጎትት ነበር። ይህን አንስቶብኝ አያውቅም። አለማንሣቱ ነው የሚያናድደኝ።

ታኅሣሥ 10፣ ቅዳሜ

መመሪያው አርባ ሁለት ገጽ ነው፤ ሁሉም በጣሊያንኛ። እኔ የተማርሁት በእንግሊዝኛ። ኣስመሮም ጣሊያንኛውን ይናገራል፣ ያነባልም። አልጠየቅሁትም። ኃላፊ ሆኖ የመጣ ሰው በሁለተኛው ወር "እባክዎ ያንብቡልኝ" ሲል ደስ አይልም። መዝገበ ቃላት ገዛሁ። ለነገሩ ሥዕሎቹ ይበቃሉ።

ታኅሣሥ 13፣ ማክሰኞ

በሽፍቶቹ ምክንያት የሰሞኑ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከወጣ ወዲህ በጊዜ ቤት መግባት ነው። ስለዚህ ጊዜ አለኝ፤ የዚህን ፋብሪካ ልማድ ልጻፍ።

በጦርነቱ ዘመን መዳብ ጠፍቶ ነበር አሉ። የዚያን ጊዜ ጣሊያኖች ኮረንቲውን ሲልኩት በሽቦ፣ ሲመልሱት በብረት አደረጉት። የሕንፃው ምሰሶ፣ የመኪናው ገላ፣ የጣሪያው ብረት፣ ሁሉም እንደ መመለሻ ሽቦ ያገለግላል። ይህንን ብረት ሁሉ ጠቅልለው "ማሳ" ይሉታል። ጦርነቱ አለቀ፣ ጣሊያኖቹ አብዛኞቹ ሄዱ፣ መዳብም መጣ፤ ልማዱ ግን ቀረ። የታሰረ ጥጥ ወደ ላይኛው መጋዘን የሚያወጣው ማንሻ እንኳ ዛሬም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ አንድ ሽቦ፣ ሌላው ብረት።

እንደመጣሁ ይህን ባየሁ ቀን ሠራተኛው ሁሉ እየሰማኝ ሳቅሁ። ኣስመሮም ቆቡን አውልቆ ራሱን አሸት አሸት አደረገና፣

"እወ፣ ይሣቁ አቶ ጋሻው" አለኝ። "ሽቦ አጥተን ነው እምበር ጠግበን አይደለም።"

የዚያን ቀን ትንሽ አፍሬ ነበር። ትንሽ።

ታኅሣሥ 20፣ ማክሰኞ

ዲናሞዋ ታሰረች። ሰሌዳው የብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ከመኪናው ሠላሳ ሜትር ይርቃል። ሽቦ አለቀ። የቀረው ለአንድ መስመር ብቻ ነው። አዲስ ሽቦ በሳምንት ቢመጣ ነው። ሰሌዳው ሲሠራ ሊያዩ የተጠሩት እንግዶች ደግሞ በሳምንቱ ማክሰኞ ይመጣሉ። ዲረቶሬው በቀን አራት ጊዜ "አለቀ?" ይላል።

ታኅሣሥ 21፣ ረቡዕ

የዛሬውን በደንብ ልጻፈው።

ሰሌዳው ሁለት መግቢያ አለው፤ አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጋቲቭ። የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ከዲናሞዋ የሚመጣው ግን አንድ ሽቦ ነው፤ ሌላው እግሯ እዚያው ከመኪናው ብረት ጋር ተያይዟል። ጥያቄው ኔጋቲቩ ከምን ጋር ይታሰር ነው።

ኣስመሮም፣ "ሣጥኑ ሁለት አፍ አለው። ሁለቱም መብላት አለባቸው። ሁለተኛ ሽቦ እስከ ዲናሞዋ እግር ድረስ እንውሰድ። ሳምንት እንታገሥ" አለ።

"ለምን? ኔጋቲቩን እዚሁ ከቁም ሣጥኑ ብረት ጋር አስራለሁ። ቁም ሣጥኑ ከምሰሶው፣ ምሰሶው ከመኪናው ይገናኛል። የእናንተው ዘዴ አይደለም እንዴ? ወይስ ማሳው ለእኔ ሲሆን አይሠራም?"

የክፍሉ ረዳት ልጆች ሣቁ። እኔም ደስ አለኝ፤ መልሱ ሳላስበው ነው አፌ ላይ የመጣልኝ። ኣስመሮም አልሣቀም።

"ያ ለሞተር ነው" አለ። "ሞተር ደንቆሮ ነው፤ ትንሽ ቢጎድልበት አያውቅም። ይህ ግን ይሰማል። መጽሐፉን አንብበውታል?"

"አይቼዋለሁ" አልሁ። ማየትስ አይቼዋለሁ።

እንዳልሁት ታሰረ። ማሰሪያውን ያጠበቅሁት በገዛ እጄ ነው። የተከላው ወረቀት ላይ "በመመሪያው መሠረት ተተክሏል" ብዬ ፈረምሁ።

ታኅሣሥ 27፣ ማክሰኞ

እንግዶቹ መጡ። መኪናው ሠራ። ከበሮው ቆመ፣ አረንጓዴው በራ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ ተጨበጨበ። ዲረቶሬው እጄን ጨበጠኝ። ክዳኑን የከፈተችው ኣምለሰት ናት፤ በማበጠሪያው ላይ ከሚሠሩት ሁሉ ፈጣኗ። ቤቷ ዓዲ ኣበይቶ ነው፤ ጧት ጧት በእግሯ ትመጣለች። አንዱ እንግዳ "አትፈሪም?" ቢላት፣

"አረንጓዴ ሲል እከፍታለሁ፣ ቀይ ሲል እጸልያለሁ" አለችው። ያልሣቀ የለም።

ኣስመሮም ዳር ቆሞ ወደ ላይ ያይ ነበር። ማንሻው ዛሬ ስለ እንግዶቹ ክብር ቆሟል።

ጥር 4፣ ማክሰኞ

ከጧቱ አራት ሰዓት። ኣምለሰት። ቀኝ እጇ። ሦስት ጣት። ከበሮው እየዞረ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ነበር ትላለች። ሆስፒታል ወሰዷት። ደም ያለበትን ጥጥ አቃጥሉት ተባለ፤ እምቢ ብሎ ብዙ ጊዜ ጨሰ።

ጥር 5፣ ረቡዕ

ሪፖርት እንድጽፍ ታዘዝሁ። ጻፍሁ። አንድ ገጽ ነው። ሰሌዳው በመመሪያው መሠረት መተከሉን፣ ከታኅሣሥ 27 ጀምሮ ያለ እንከን መሥራቱን፣ ሠራተኛዋ ከበሮው ሳይቆም ክዳኑን የከፈተችበት ምክንያት ሊጣራ እንደሚገባ ገለጽሁ። ውሸት የለበትም። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለየብቻው አንብቤዋለሁ፤ ውሸት የለበትም።

ቮልት መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥቼ መልሼ አስገባሁት።

ጥር 9፣ እሑድ

ፋብሪካው ዝግ ነው። ለዘበኛው ጽዳት አለብኝ ብዬ ገባሁ። ማንሻውን የሚነዳውን ሰውዬ ጠርቼ ሦስት እስር ጥጥ እንዲያወጣ አደረግሁ። የመለኪያውን አንድ ጫፍ ከቁም ሣጥኑ ብረት፣ ሌላውን ጫፍ በረጅም ሽቦ ከመኪናው ብረት ላይ አኖርሁ።

ማንሻው ቆሞ ሳለ፦ ዜሮ። ማንሻው ጥጥ ሲያነሣ፦ አንድ ተኩል ቮልት። ሲያቆም፦ ዜሮ።

የማንሻው ኮረንቲ የሚመለሰው በብረቱ ነው፤ ከባድ ኮረንቲ ነው። በዚያ ጊዜ የዚህ ጫፍ ብረትና የዚያ ጫፍ ብረት አንድ አይደሉም። ዲናሞዋ በሙሉ ፍጥነት የምትሰጠው ዐሥር ቮልት ነው። ከዚያ አንድ ተኩል ሲቀነስ ማንም ልብ አይለውም። ከበሮው እየደከመ ሄዶ እሷም አንድ ተኩል ስትደርስ ግን ሰሌዳው ዜሮ ያያል። ከበሮው ያን ጊዜ ገና የሙሉ ፍጥነቱን ሰባተኛ እጅ ይዞራል። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ማንሻው ይሠራ ነበር። የመጋዘኑ መዝገብ ላይ አይቻለሁ።

ከከተማ ሽቦ ገዝቼ ይዤ ነበር። ሁለተኛውን መስመር እስከ ዲናሞዋ እግር ወሰድሁት፣ ኔጋቲቩን ከብረቱ ፈትቼ ከእርሱ ጋር አሰርሁት። ማንሻው እያነሣ እንኳ ሰሌዳው አሁን በትክክል ያነባል። የፊተኛው ስሕተት ነበር ማለት አይደለም፤ ይህ ማሻሻል ነው። ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ቶሎ ማድረግ ነበረብኝ። ይህን ማንም አስተዋይ ሰው ያደርገዋል።

መዝገብ ላይ አላሰፈርሁትም። ቸኩዬ ነበር።

ጥር 10፣ ሰኞ

መርማሪ መጣ፤ መቶ አለቃ ደርበው ይባላል። የጎጃም ሰው ነው፤ ገና እንደተያየን "የወንዜ ልጅ!" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዲረቶሬው ጋር ሆነው መኪናውን ሦስት ጊዜ አስነሥተው አቆሙት። ማንሻው ሲሠራም ሳይሠራም። ሦስቱንም ጊዜ አረንጓዴው የበራው ከበሮው ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

መቶ አለቃው፣ "እንግዲህ ሁለት ነገር ነው" አለ። "ወይ ልጅቷ ትዋሻለች። ወይ ደግሞ መብራቱ በእርግጥ አረንጓዴ ነበር፣ አንድ ሰው ሆን ብሎ እጁን አስገብቶበታል። ጊዜው የምታውቀው ነው።"

"ከአደጋው በፊት እንከን ነበረው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"የፈረምሁት ወረቀት አለ" አልሁ።

"እሱን አይቼዋለሁ። ጥሩ ጽሕፈት አለህ።"

ዘበኛው ቃሉን ሲሰጥ፣ በአደጋው ቀን ጧት ኣስመሮም ከማንም ቀድሞ ገብቶ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ አየሁት አለ።

ጥር 12፣ ረቡዕ

ኣስመሮምን ወሰዱት። ከጥምቀት ማግስት፣ ከቀትር በፊት። ሠራተኛው ሁሉ እያየ። ቁም ሣጥኑን ለምን ከፈትህ ሲሉት "ላጸዳ" ነው ያለው። ከመሄዱ በፊት ቁልፎቹን አወጣና አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራ ሰጠኝ፤ የመጋዘን፣ የቁም ሣጥን፣ የማንሻ።

ጥር 16፣ እሑድ

የኣስመሮም ሚስት ወይዘሮ ሓረጉ እኔ ወደምኖርበት ሰፈር፣ ገጀረት ድረስ መጣች። የተከራየሁበትን ቤት ማን እንዳሳያት አላውቅም። በር ላይ ቆማ አልገባም አለች።

"አንቱን ይሰማሉ፣ የእኔ ጌታ" አለች። "ሰላሳ ዓመት አንድ አምፖል እንኳ ወደ ቤት አላመጣም። ይህንን ጻፉላቸው። ሓደራ።"

ጻፍሁላቸው። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ለሥራው ተቆርቋሪ፣ ከፖለቲካ የራቀ። ሁለት ገጽ ሙሉ። ከጻፍኋቸው ሁሉ ጥሩው ነው። አንብቤ ረካሁ፤ ከረካሁ በኋላ የጎደለችውን አንዲት መስመር አሰብሁ።

ማታ አከራዬ ወይዘሮ ኣብርሄት ከጎረቤቷ ጋር በአጥር ስታወራ ሰማሁ። ትግርኛ የማይገባኝ ይመስላቸዋል። "እቲ ወዲ ምሳኡ እውን ኣይበልዕን ኮይኑ" ትላታለች፤ ልጁ ምግብ ትቷል ማለቷ ነው። አልተውሁም። ዛሬ ግማሽ እንጀራ በልቻለሁ።

ጥር 24፣ ሰኞ

ኣምለሰት አሁንም "አረንጓዴ ነበር" እንዳለች ናት። ሆስፒታል ድረስ ሄደው ሦስት ጊዜ ጠይቀዋታል። አረንጓዴ ነበር ባለች ቁጥር ኣስመሮም ላይ ጥርጣሬው ይጠብቃል፤ አረንጓዴ ከነበረ አንድ ሰው ነክቶታል ነዋ። እውነት ስትናገር ሰው ታሳስራለች። ይህን ያወቀች አይመስለኝም።

አላየኋትም። ሆስፒታሉ ከመንገዴ ውጭ ነው።

ጥር 27፣ ሐሙስ

መቶ አለቃውን ከፋብሪካው በር ላይ አገኘሁት። "አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር" አልሁ። ሲጋራ እየለኮሰ "በል" አለኝ። የኣስመሮም መታሰር ሥራችንን እንዳጓተተብን ነገርሁት። "ይገባኛል" አለ።

ፈሪ ነኝ። እዚህ ላይ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልልም።

የካቲት 4፣ ሐሙስ

ዛሬ ጧት ኣምለሰት ከእናቷ ጋር በገዛ ፈቃዷ መርማሪው ዘንድ ቀርባ ቃሏን ለወጠች። መብራቱ ቀይ ነበር፣ ቸኩዬ ክዳኑን በሜንጦ ፈልቅቄ ነው የከፈትሁት አለች። በግራ አውራ ጣቷ አተመች። መቶ አለቃው ራሱ መጥቶ ነው የነገረን። "እምነት አለሽ ወይ? ስላት፣ ነነዌን ጾሜ ነው የመጣሁት አለችኝ" አለ። የዋሸ ሰው እንዲህ አይልም ብሎ ደመደመ።

መመሪያ ጥሳለች ተብላ ተሰናበተች። ኣስመሮም ነገ ይፈታል። ነገሩ ተዘጋ። ማንም ከእንግዲህ ምንም አይጠይቀኝም። ዲረቶሬው ሁለት ተጨማሪ ሰሌዳዎች ላዝዝ ነው ይላል።

መቆለፊያውን ሄጄ አየሁት። ሜንጦ አልነካውም። ቀለሙ እንዳለ ነው። መቶ አለቃው ማየት ይችል ነበር፤ አላየውም። እኔ አየሁት።

የካቲት 8፣ ሰኞ

ኣስመሮም ተመለሰ። ሃያ ሦስት ቀን ታስሮ። ከስቷል፤ ጢሙን ተላጭቶ ነው የመጣው። ሁሉም እየተነሡ ሳሙት። እኔም ሳምሁት። ከዚያ ወደ ሥራው ገባ፤ ቁም ሣጥኑን ከፈተ።

ረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። ሽቦውን በጣቱ ተከተለው፤ ከኔጋቲቩ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ቱቦው።

"ይህ መቼ መጣ?" አለኝ።

"እሑድ።"

"የትኛው እሑድ?"

ቁም ሣጥኑን ዘጋው፣ ቀስ ብሎ። ሰው ሁሉ ለምሳ እስኪወጣ ድረስ ጠበቀና አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። እንደ ወትሮው "እርስዎ" አላለኝም፤ "ወደይ" አለኝ፣ ልጄ ማለት ነው።

"ስማ ወደይ። የዚያን ቀን ጧት ለምን እንደከፈትሁት ታውቃለህ?"

"ላጸዳ ብለዋል።"

"ሽቦ ይዤ ነበር። ከቤቴ፤ የልጄን ሬዲዮ ያሠራሁበት የተረፈ። አንተ ሳትመጣ ልዘረጋው ነበር። ልጆቹ ፊት እንዳታፍር ብዬ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው ያሰብሁት፤ ዘገየሁ። ቁም ሣጥኑን ስከፍት የመግቢያው ጥሩንባ ጮኸ፤ ሰው መጣ። ለነገ ብዬ ዘጋሁት።"

"ለምን ይህን አልነገሯቸውም?"

"ምን ብዬ? ኃላፊዬ አጥፍቷል ብዬ? የታሰረው እኔ፣ የፈረመው አንተ። ማን ያምነኛል?" ቆቡን አደረገ። "ደግሞ አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነበር። በየቀኑ ዛሬ ይናገራል እል ነበር።"

የሚያወራው ተቆጥቶ አይደለም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰድቦኝ ቢሆን መልስ አገኝ ነበር።

የካቲት 10

ጻፍሁ። ቀደድሁ።

የካቲት 11

"ምናልባት በብረቱ በኩል ባለ የቮልት መለያየት ምክንያት ሊከሠት የሚችል" ብዬ ጀመርሁ። ምናልባት! ቀደድሁ።

የካቲት 12

ኣስመሮም የሚያናግረኝ ስለ ሥራ ብቻ ነው። አቶ ጋሻው ማለቱን ደግሞ ጀምሯል። ያቺን "ወደይ" ያላትን ቃል እንዲመልስልኝ እፈልጋለሁ፤ ምን አድርጌ እንደምጠይቀው አላውቅም።

የካቲት 14፣ እሑድ፣ ቅበላ

ዓዲ ኣበይቶ ሄድሁ። ግማሹን በአውቶቡስ፣ ግማሹን በእግሬ። ኣምለሰት ይህን መንገድ ስድስት ዓመት በየቀኑ ደርሶ መልስ ሄዳዋለች። ከነገ ጾም ስለሚገባ ከየቤቱ የሥጋ ሽታ ይወጣል።

እናቷ ወይዘሮ ትበርህ በር ከፈተችልኝ፤ ማን እንደሆንሁ ሳትጠይቅ ወንበር ጠረገች። ኣምለሰት ውስጥ የእህቷን ልጅ ፀጉር በግራ እጇ ልትሠራ ትሞክራለች። ቀኟ አሁንም በጨርቅ ነው። እኔን ስታይ ልጅቷን ልካ ወደ ውጭ አስወጣቻት።

ስመጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። አልተገኘም።

"መብራቱ አረንጓዴ ነበር" አልሁ።

"አውቃለሁ" አለች። "እኔ አይደለሁ ያየሁት?"

"ታዲያ ለምን..."

"ኣያ ኣስመሮም ታስሮ። እኔ አረንጓዴ ባልሁ ቁጥር እሱ ላይ ሆነ። ሐኪሙ ጋ የመጡት ወታደሮች ሲያወሩ ሰማሁ። ጣቴ እንደሁ ሄዷል። ቀይ ብል አይመለስ፣ አረንጓዴ ብል አይመለስ።" በግራ እጇ ነጠላዋን አስተካከለች። "ግን አንድ ነገር አላውቅም። ማታ ማታ እሱን ነው የማስብ። ለምን በራ?"

ነገርኋት። ስለ ብረቱ፣ ስለ ማንሻው፣ ስለ አንድ ተኩሉ ቮልት፣ ስላልተዘረጋው ሽቦ። ኣስመሮም ተው እንዳለኝና እንደሣቅሁበት። እሑድ ለማንም ሳልናገር ጠግኜ ዝም እንዳልሁ። ሁሉን ሰማች። እናቷ አማርኛው አልገባትም፤ የእኔንና የልጇን ፊት በየተራ ታያለች።

ሲያልቅ ኣምለሰት፣ "ካፖው ሰዓት እያየ 'በሉ' ሲለን ስድስት ዓመት ማንም አልተቆረጠም" አለች።

"ነገ እናገራለሁ" አልሁ።

"ወረቀት ጽፈህ?"

"ጽፌ።"

"ኣይፋል፣ አይሆንም" አለች። "የጻፍኸውን አንብቤ አላውቅም፤ ሴቶቹም አያነቡም። እነሱ 'ኣምለሰት ቸኩላ ነው፣ ጣቶቿን ያጣችው በራሷ ነው' ይላሉ። እንደዚያ ያልኋቸው እኔ ራሴ ነኝ። ወረቀት አይደለም፣ መብራቱን አሳያቸው። እኔም እመጣለሁ።"

ሳልበላ እንዳልሄድ ወይዘሮ ትበርህ በሩ ላይ ቆመች። ልጇን ምን እንዳደረግሁ አታውቅም። በላሁ።

የካቲት 15፣ ሰኞ

ዛሬ ጾም ገባ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኣምለሰት በር ላይ ነበረች። ዘበኛው የተባረረ አይገባም አለ። እሷ ካልገባች መኪናውን አላስነሣም አልሁ። ዲረቶሬው ወጣ፣ ጮኸ፣ በጣሊያንኛም በአማርኛም ጮኸ። መቶ አለቃ ደርበውን በስልክ አስጠራሁ፤ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ፈጀ። ኣስመሮም በዚህ ሁሉ ጊዜ ቁም ሣጥኑ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ምን ላደርግ እንደሆነ አልነገርሁትም፤ ግን መፍቻ ይስጡኝ ስለው የትኛውን ሳይል ሰጠኝ።

ሁለተኛውን ሽቦ ፈታሁት። ኔጋቲቩን እንደ ታኅሣሡ ከቁም ሣጥኑ ብረት ጋር አሰርሁ። ከበሮውን አስነሣሁ፣ ሙሉ ፍጥነት ሲይዝ ኮረንቲውን ቆረጥሁ። ማንሻው ጥጥ እንዲያነሣ በእጄ ምልክት ሰጠሁ። የማበጠሪያ ሴቶች ሁሉ ሥራ አቁመው ቆመዋል፤ ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው። ማንሻው አቃሰተ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት። የከበሮው ድምፅ ይሰማል፤ ሹሹሹ ይላል፤ ሁሉም ያውቁታል።

አረንጓዴው በራ። መቆለፊያው ለቀቀ። ክዳኑን ከፍቼ አንድ የጥድ እንጨት አስገባሁ። ከበሮው ከእጄ ነጠቀኝ፤ ወዲያ ማዶ ሰንጥሮ ተፋው።

መቶ አለቃው ቀረበኝና በቀስታ፣ "የወንዜ ልጅ፣ ማን ጠየቀህ? ነገሩ እኮ ተዘግቷል" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"ታኅሣሥ ላይ ፈርመሃል፣ ጥር ላይ ጽፈሃል። አሁን የምትለው ሌላ ነው። የቱ ነው ውሸቱ?"

"ሁለቱም የበፊቶቹ።"

ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ፣ የሚጽፈውን ግን ወዲያው አልጻፈም። ነገ በሁለት ሰዓት ጣቢያ እንድቀርብ ነገረኝ። ልብስ ልያዝ ወይ ብዬ ብጠይቀው ያዝ አለኝ። ዲረቶሬው ቁልፎቹን ጠየቀኝ። ለኣስመሮም ነው የሰጠሁት።

ከዚያ ለሴቶቹ ተናገርሁ። ማን እንዳሰረው፣ ማን አትሰር እንዳለኝ፣ ሽቦ ሲያልቅ ምን ብዬ እንዳላገጥሁበት፣ መብራቱ ምን እንደነበር። ብዙዎቹ አማርኛ አይሰሙም። ኣስመሮም ሳልጠይቀው መተርጎም ጀመረ። አንዲት ቃል አላስቀረልኝም። ስለ ራሱ የተናገርሁትን ስድብ እንኳ በራሱ አፍ፣ ድምፁን ሳይለውጥ ተረጎመው። የታሰረበትን ሃያ ሦስት ቀን ግን እኔም ረስቼው ነበር፣ እሱም አልጨመረውም።

ኣምለሰት እስከ መጨረሻው ሰማች። መቶ አለቃውንም ዲረቶሬውንም አላየቻቸውም፤ እኔንም አላየችኝም። ወደ ዐሥራ ዘጠኙ ሴቶች ዞራ መስማታቸውን ጠየቀች፤

"ሰሚዕክንዶ?" አለች።

"ሰሚዕና" አሉ።